ከዓመት ዓመት የሚመለስ የገና ስጦታ ከረጢት፦ አለካኩ፣ አቆራረጡና አሰፋፉ

የስጦታ ወረቀት ዕድሜው ከሱቅ እስከ ሳሎን ነው። ልጆች በአንድ ጊዜ ቦጭቀው ይጥሉታል፣ ከዚያ በኋላ ከስኮቹ ጋር ተጨማዶ ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። የሚያብረቀርቀው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለው። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ጨምድዱትና ልቀቁት፤ ራሱን መልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ አለበት ማለት ነው። ከጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ለሚቀጥለው ገና ይደርሳል። ልጁ አድጎ ለራሱ ልጅ ስጦታ እስኪያስገባበት ድረስ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ ከረጢቱ ዋጋ የሚኖረው ሲመለስ ነው። ሄዶ የሚቀር ከረጢት ውድ ወረቀት ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ከአሰፋፉ ጋር አመላለሱንም እጽፋለሁ፤ በእኔ እምነት የቤተሰብ ልማድ የሚያደርገው እሱ ነውና።

መቼ ይጀመር?

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ከዚያ እስከ ገና ከስድስት ሳምንት በላይ አለ። ለቤተሰብ ስፌት ከዚህ የተሻለ ወቅት አላውቅም። ምሽቱ ረጅም ነው፣ ድግስ የለም፣ ብርዱም ሰውን ቤት ይሰበስባል። በዓል የምታከብሩ ከሆነ እሑድን፣ የኅዳር ጽዮንን (21) እና የታኅሣሥ ገብርኤልን (19) መርፌ የማይያዝባቸው ቀናት አድርጋችሁ አስቡ። ሥራውን ከገብርኤል በፊት ለመጨረስ ሞክሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ የዶሮው፣ የጠላውና የድፎ ዳቦው ነው፤ ስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሽንኩርት አይከተፍም።

ጨርቅ

ለጀማሪ አቡጀዴን የሚያህል የለም። ከመርፌ ሥር አይንሸራተትም፣ ሙቅ ካውያ ይችላል፣ ጥልፍም ቀለምም ይቀበላል፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል። ቀጥሎ ፖፕሊን ነው። ሳቲን ያምራል፣ ግን ይሾልካል፣ ጫፉም ይተረተራል፤ እጃችሁ እስኪለምድ አቆዩት። የካናቴራ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ከረጢቱ ስጦታው ሲገባበት ቅርጹን ያጣል።

ግን አዲስ ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ቁም ሳጥኑን ክፈቱ። መሐሉ የሳሳ አንሶላ ዳር ዳሩ ገና ጠንካራ ነው። ያረጀ መጋረጃ ለትልልቅ ከረጢት ይሆናል። የአባት አሮጌ ሸሚዝ ከተገኘ ደግሞ ፊት ለፊቱን ከነቁልፉ፣ ከነጀርባው ቁረጡት፤ ቁልፉ ራሱ መክፈቻና መዝጊያ ስለሚሆን አራቱንም ጎን ዘግቶ መስፋት ብቻ ነው፣ ገመድ አያስፈልገውም። ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊም በዓል ሲቃረብ ብዙ ቁርጥራጭ ይተርፈዋል፤ ብትጠይቁት በጥቂት ብር፣ አንዳንዴም በነፃ ይሰጣችኋል።

አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ አይቆረጥ። ጥጥ መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ይሰበሰባል። በ68 ሳንቲ ሜትር ላይ ይህ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፤ ቀድማችሁ ካላጠባችሁት የተሰፋው ከረጢት በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል። ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ሲሆን ደግሞ ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ ጥግ ላይ አሹት። ቀለም ከወጣ ለብቻው ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ነጭ ጋቢ የሚገባበት ከረጢት ቀለም መልቀቅ የለበትም።

መሣሪያ

ስለት ያለው መቀስ (ወረቀት የማይቆረጥበት፣ ወረቀት ስለቱን ያደንዘዋል)፣ ሜትር፣ ስፒል፣ አንድ ትልቅ መርፌ ቁልፍ፣ ካውያና ክር። ለምልክት የልብስ ሰፊ ጠመኔ ባይኖር ያለቀ ሳሙና ስንጣሪ ይበቃል፤ ጠርዙ ቀጭን መስመር ያወጣል፣ በእጥበት ይጠፋል። የፖሊስተር ክር ከጥጥ ክር ይልቅ ለመጎተት ይጸናል።

መኪና ካላችሁ ለአቡጀዴና ለፖፕሊን 80/12 መርፌ፣ ለጂንስና ለወፍራም መጋረጃ 100/16 አስገቡ። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ላይ አድርጉት። የአያት የእግር ሲንገርም ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። መኪና የሌለው በእጅ ይሰፋል። ያን ጊዜ ክሩን ድርብ አድርጉና በጧፍ ላይ አንዴ ጎትቱት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይወሳሰብ ያደርጋል። ስፌቱም ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ሳይሆን በየአንዳንዱ ውግታ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚያልፍ ይሁን፤ ከረጢቱ ሸክም ተሸካሚ ነውና።

ልኬት

መጀመሪያ ስጦታውን ለኩ። ለከረጢቱ ወርድ የስጦታውን ወርድና ውፍረት ደምሩ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩበት። ለቁመቱ የስጦታውን ቁመትና ውፍረት ደምሩ፣ አንገቱ እንዲታሰር 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ስጦታው ክብ ከሆነ ዙሪያውን ለክታችሁ ለሁለት አካፍሉና 3 ጨምሩ።

በእኛ ቤት ስጦታ የሚበዙት ነገሮች በዚህ ስሌት እንዲህ ይመጣሉ፦ አንድ ኪሎ ቡና 18 በ28 ይበቃዋል፤ ጠርሙስ 15 በ48፤ መካከለኛ መጽሐፍ 22 በ34፤ የታጠፈ ጋቢ 40 በ50፣ ያውም ወለሉ ሰፋ ያለ። ለብዙ ነገር የሚሆነው ግን 25 በ30 ነው። የልጅ ሹራብ፣ አሻንጉሊት፣ ሻርፕ፣ የሻይ ኩባያ ሁሉም ይገባበታል። ስለዚህ የምንሰፋው እሱን ነው።

አቆራረጥ

ለ25 በ30 ከረጢት የሚቆረጠው ጨርቅ 27 በ68 ነው። ወርዱ ላይ የተጨመሩት 2 ሳንቲ ሜትሮች የግራና የቀኝ ስፌት ናቸው። ርዝመቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ 30፣ ሲደመር በየጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ለገመድ ማስገቢያው።

የጨርቅ ወርድ ስለሚለያይ ባለሱቁን ሳትጠይቁ አትግዙ። ወርዱ 150 የሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ከገዛችሁ፣ ታጥቦ ከተሰበሰበም በኋላ በአንድ ረድፍ አምስት፣ በሁለት ረድፍ አሥር ከረጢት ይወጣዋል። ዳር የምትተርፈው ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ስንጣሪም አትጣል፤ ባለ 4 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ቁራጭ ሆና ገመድ ትሆናለች።

አቡጀዴ ከሆነ በመቀስ ከመቁረጥ መቅደድ ይሻላል። ጠርዙን በመቀስ 2 ሳንቲ ሜትር ሰንጥቁና በሁለት እጅ ይዛችሁ ቅደዱ። ክሩን ተከትሎ ስለሚሄድ ከየትኛውም መቀስ ይበልጥ ቀጥ ይላል። ልጆች ይህን ሥራ ይሻሙበታል።

ስፌቱ

በመጀመሪያ ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች በዚግዛግ ዙሩባቸው፤ ዚግዛግ የሌለው በእጅ ይዘምዝም። ይህ ካልሆነ ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ ክሩ እየተተረተረ ስፌቱ ድረስ ይደርሳል።

ቀጥሎ የጨርቁን ፊት ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ርዝመቱን ለሁለት እጠፉት። እጥፋቱ የከረጢቱ ወለል ነው። ከላይኛው ጫፍ በሁለቱም ጎን 8 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ በሳሙና ምልክት አድርጉ። አሁን ከወለሉ ጀምራችሁ፣ ከዳሩ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ፣ እስከ ምልክቱ ብቻ ስፉ። ምልክቱ ላይ ስትደርሱ ሦስት አራት ውግታ ወደ ኋላ መልሳችሁ አጥብቁት። ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው እዚያ ነጥብ ላይ ነው፤ የከረጢት ስፌት ሲከፈት መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው።

ከዚያ ካውያ። የስፌቱን ሁለት ከንፈሮች ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ተኩሷቸው፤ ሳይሰፋ የቀረው የላይኛው 8 ሳንቲ ሜትርም በዚያው መስመር 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይተኮስ። ይህን ክፍት ቦታ በአንዱ ጎን ወርዳችሁ፣ ከምልክቱ በታች ተሻግራችሁ፣ በሌላው ጎን ወጥታችሁ ዙሪያውን ስፉት። ጊዜ የሚወስድ ይመስላል፣ ግን ንጹሕ ከረጢትን ከዝርክርክ የሚለየው ይህች ቦታ ናት። ገመዱ የሚገባውና የሚወጣው በእሷ ስለሆነ ያልተቀመቀመ ጠርዝ ሁልጊዜ ከገመዱ ጋር ይጠላለፋል።

አሁን አንገቱ። የላይኛውን ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እጠፉና ተኩሱ። እንደገና 3 ሳንቲ ሜትር እጠፉና ተኩሱ። የታችኛውን እጥፋት ጠርዝ ተከትላችሁ በፊትም በጀርባም ለየብቻ ስፉ። አንገቱ ሲታሰር እንደ አበባ ብትን እንዲል ከፈለጋችሁ ከላይ 1 ሳንቲ ሜትር ወርዳችሁ ሁለተኛ መስመር ጨምሩ፤ ገመዱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያልፋል።

ካውያውን በየደረጃው አትዝለሉት። ስፌት የሚያውቁ እናቶች ግማሹ ስፌት ካውያ ነው ብለው የሚነግሩን እውነታቸውን ነው፤ የተተኮሰ እጥፋት ስፒል ባይኖረውም እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም።

ገመዱ

ባለ 4 ሳንቲ ሜትሩን ቁራጭ ሁለቱን ዳር ወደ መሐል አጥፋችሁ ተኩሱ፣ መልሳችሁ መሐሉን እጠፉና ዳሩን ስፉት፤ 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ማሰሪያ ይወጣችኋል። ሪባን ወይም የጥጥ ገመድ መግዛትም ይቻላል። የሪባን ጫፍ እንዳይተረተር ለሻማ ነበልባል ለአፍታ አስጠጉት፣ ይህ የአዋቂ ሥራ ይሁን። የጥጥ ገመድ ግን ስለሚቃጠል ጫፉ ይቋጠር።

የአንዱ ገመድ ርዝመት የከረጢቱ ወርድ ሁለት እጥፍ ሲደመር 20 ነው፤ ለእኛ ከረጢት 70 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ ከረጢት ሁለት ገመድ ያዘጋጁ። መርፌ ቁልፉን የገመዱ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ በቀኝ በኩል አስገቡ፣ በፊት ሄዶ፣ በጀርባ ዞሮ፣ በገባበት በቀኝ ይውጣ። ሁለተኛው በግራ ገብቶ ዞሮ በግራ ይወጣል። ጫፍና ጫፋቸውን ቋጥሩ። ሁለቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ስትስቡ ከረጢቱ ይሸመቀቃል፣ ራሱንም ይዞ ይቀራል። ትንሽ ሕፃን ላለበት ቤት ግን ረጅም ገመድ አንገት ላይ አደጋ ስለሆነ የሚቀጥለውን ዓይነት ምረጡ።

ልጆች የሚሰፉት

ከስድስት ሰባት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ገመድ ማስገቢያ የሌለውን ከረጢት በእጁ ሊሰፋ ይችላል። 22 በ56 ጨርቅ ቁረጡለት። መጀመሪያ ሁለቱን አጫጭር ጫፎች ሁለቴ አጥፋችሁ ቀምቅሙ። ከዚያ 60 ሳንቲ ሜትር ሪባን መሐሉን አጥፋችሁ፣ እጥፋቱን ከአፉ 7 ሳንቲ ሜትር በታች ጎኑ ላይ በስፒል ያዙት፤ የሪባኑ ሁለት ጫፎች ወደ ውስጥ ይሁኑ። ጨርቁን ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ አጥፋችሁ በሳሙና መስመር አስምሩለት፤ ልጁ መስመሩን ተከትሎ ይሰፋል። ሲገለበጥ ሪባኑ ውጭ ይወጣል፣ ዙሪያውን ዞሮ በቀስት ይታሰራል።

የልጁ ስፌት ቢወላገድ ተዉት። ፈትታችሁ አታስተካክሉ። አዋቂው የሚያጠናክረው ሪባኑ ያለበትን ቦታና ሁለቱን የአፍ ጠርዞች ብቻ ነው። በአምስት ዓመት ልዩነት የተሰፉ ሁለት ከረጢቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የእጁ እድገት በግልጽ ይታያል፤ ያንን የሚያህል ፎቶግራፍ የለም።

ወለል ያለው

ለቡና፣ ለሸክላ ዕቃና ለጋቢ ከረጢቱ መቆም አለበት። ጎኖቹ ተሰፍተው ሳይገለበጥ፣ የጎኑ ስፌት ከወለሉ እጥፋት ጋር እንዲገጥም አድርጋችሁ ጥጉን ዘርጉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ከሹሉ ጫፍ በስፌቱ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አግድም አስምሩ፣ የመስመሩ ርዝመት 8 ይመጣል። በእሱ ላይ ሁለት ጊዜ ስፉ። በሁለቱም ጥግ ሲደረግ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወለል ይሠራል። ቁመቱም ወርዱም ግን ይቀንሳሉ፦ ቁመቱ 4፣ ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር ያጣል። ስትቆርጡ ይህን ቀድማችሁ ጨምሩ።

የእናት ነጠላ ጥለት

ይህ ለእኔ የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ነጠላ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሳሳው መሐሉ ነው፤ ጥለቱ ግን ጥቅጥቅ ብሎ ስለተሸመነ አካሉ ካለቀ በኋላም ቀለሙን ይዞ ይቆያል። ያንን ጥለት ነጭ አቡጀዴ ከረጢት ላይ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ እንደ መቀነት ብትሰፉት ሌላ ጌጥ አያሻውም። ነጠላ የሌለው ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ከሚሰፉት ዘንድ የተረፈ ጥለት ይጠይቅ።

የሸማ ክር ልል ስለሆነ እንደ አቡጀዴ ዝም ብሎ አይቆረጥም። በምትቆርጡበት መስመር ግራና ቀኝ፣ ግማሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ መጀመሪያ በመኪና ስፉ፤ ከዚያ በመሐል ቁረጡ። ስፌቱ ክሩን ይዞ ያቆመዋል። ጠርዙን ወደ ሥር አጥፋችሁ አቡጀዴው ላይ በስፒል ያዙት፣ ጎኖቹ ከመሰፋታቸው በፊት ከላይና ከታች ስፉት። እንዲህ ሲሆን የጥለቱ ጫፎች የጎን ስፌቱ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበት ጥለት በሙቅ ካውያ ይኮማተራል፤ እርጥብ ያልሆነ ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱ።

የሟች እናት ወይም አያት ነጠላ ከሆነ ቤተሰቡን ሳታማክሩ መቀስ አታንሱ። ከተስማሙ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ከረጢት እንዲደርስ አድርጋችሁ ጥለቱን አካፍሉ።

ምልክቷና ሕጉ

በከረጢቱ ውስጥ፣ የጎን ስፌቱ ላይ፣ 5 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ነጭ ጨርቅ ስፉ። በማይለቅ የጨርቅ ብዕር ወይም በክር የሰጪውን ስምና ዓመቱን ጻፉባት፦ «2018፣ ከአክስቴ»። በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ሌላ መስመር ይጨመራል። ስትሞላ ሁለተኛ ጨርቅ በላይዋ ይሰፋል፣ የድሮዋ ሳትነሳ።

አመላለሱ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የተሰጠ ከረጢት በዚያው ዕለት ወደ አንድ ሣጥን ይመለሳል፤ ሰብሳቢውም በየዓመቱ የሚቀያየር አንድ ልጅ ይሁን። ከቤት ውጭ የሄደው ግን ስሱ ጉዳይ ነው። በባህላችን ስጦታን በሰጪው ፊት መክፈት አይወደድም፤ «ከረጢቱን መልሱልኝ» ማለትም ያሳፍራል። ግን የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ከረጢቱንም በዚያው ሕግ አስገቡት፦ ስትሰጡ «ይህ የቤታችን ከረጢት ነው፣ ለፋሲካ እናንተ ትሞሉታላችሁ» በሉ። እትዬ ጎረቤት ቆሎም ቢሆን አድርገውበት ይልኩታል፣ ስማቸውም በምልክቷ ላይ ይጻፋል።

ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ከረጢቱ በአንድ ወቅት ሁለት ጊዜ ይሠራል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ዲሴምበር 25ን ያከብራሉ፣ 13 ቀን ቆይቶ ጃንዋሪ 7 የእኛ ገና ይመጣል፤ የመጀመሪያው ከረጢት ታጥቦ ለሁለተኛው ይደርሳል። ወደ አገር ቤት ለሚጓዝም ይመቻል። የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፈታሾች የተጠቀለለ ስጦታ ከተጠራጠሩ ሊፈቱት ስለሚችሉ ሳይጠቀለል እንዲያዝ ይመክራሉ፤ ባለ ገመድ ከረጢት ተከፍቶ ታይቶ መልሶ ይታሰራል። ስትመለሱ በዚያው ከረጢት በሶና ሽሮ ይገባበታል፤ ብቻ ዱቄቱ መጀመሪያ በላስቲክ ይታሰር፣ የበርበሬ ቀለም ከነጭ አቡጀዴ በቀላሉ አይለቅም።

አያያዝ

ከጥምቀት በኋላ ሁሉንም ሰብስባችሁ ገመዳቸውን ሳታወጡ፣ ጫፎቹን ቋጥራችሁ እጠቡ። ጥለት ያለባቸው ለብቻቸው በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጨመቁ። በደንብ ደርቀው ይተኮሱና ትንንሾቹ በትልቁ ውስጥ ይግቡ፤ ሙሉ የቤተሰብ ከረጢት አንድ መሳቢያ አይሞላም። ሣጥኑ ውስጥ አንድ መርፌና በጨርቆቹ ቀለም ክር አብራችሁ አስቀምጡ። መጀመሪያ የሚላላው የገመድ ማስገቢያው አፍ ነው፤ ከስፌቱ ሳይከፈት፣ ክሩ ሲላላ ገና እያያችሁ፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ አቡጀዴ ለጥፋችሁ ዙሪያውን ዘምዝሙት።